ከእንዶድ እስከ ኮኮ ግሉኮሳይድ፦ ለደረቅ ቆዳ የሚሆን የገላ ማጠቢያ በቤት የማዘጋጀት አንድ የጉዳይ ጥናት

## የጉዳዩ መነሻ

ጉዳዩ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ እናት፣ አባት፣ የ8 ዓመት ሴት ልጅና አብራቸው የምትኖር አክስት። የልጅቱ ቆዳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቅ ነው። በክርኗና በጉልበቷ መታጠፊያ ላይ ችፌ ይወጣባታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሩ ደርቆ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ይብስባታል። የቆዳ ሐኪም አይቷት የሚቀባ መድኃኒት አዘዘላት። ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጠው ምክር አጭር ነበር፦ በሳሙና አትታጠብ፤ ከታጠበች በኋላ ገላዋ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊን ትቀባ።

በሳሙና ካልሆነ በምን ትታጠብ የሚለው ሳይነሳ ቀረ። እናትየዋ ማጠቢያውን ራሷ ለማዘጋጀት የተነሳችው በዚህ ምክንያት ነው። መመዘኛዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ተፈጥሯዊ ይሁን እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። በዚህ መመዘኛ ሦስት ዓይነት ማጠቢያ ሠራች፤ ሦስቱም ልጅቱን አልበጇትም። አራተኛው የተሳካው «ከየት መጣ» የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀርቶ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ሲቀድሙ ነው፦ በ100 ግራም ውስጥ ስንት ግራም አጣቢ ንጥረ ነገር አለ? ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ (ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካሊ)፣ ስንት ነው? እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ በዚያ ፒኤች ይሠራል ወይ?

አጣቢ ንጥረ ነገር፣ በኬሚስቶች አነጋገር ሰርፋክታንት፣ አንዱ ጫፉ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ወዳድ የሆነ ሞለኪውል ነው። ቅባቱን ከቆዳ ላይ አንስቶ ለውሃ ያስረክባል። ችግሩ እድፍንና የቆዳን የራሱን ቅባት ለይቶ አያውቅም።

## የመጀመሪያው ሙከራ፦ እንዶድ

እንዶድ ለምን እንደተመረጠ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሸማ ያነጣል፣ አረፋው የታወቀ ነው፣ ጓሮ ይበቅላል። 100 ግራም የደረቀ ፍሬ ተወቅጦ በ1 ሊትር ውሃ አደረ፤ ጠዋት በሻሽ ጨርቅ ተጣራ። ሲወቀጥ ቤቱ በሙሉ ሲያስነጥስ ነበር። ማስጠንቀቂያው ያ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልተገኘም።

በመጀመሪያው ቀን ፈሳሹ የልጅቱ ዓይን ውስጥ ገባ፤ ዓይኗ እስከ ማግስቱ ቀልቶ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ችፌው ያለበት ቦታ አቃጠላት። በዚያው ቀን ፈሳሹም መኮምጠጥ ጀምሮ ነበር።

የእንዶድ አጣቢ ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ሳፖኒን የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ጉልበት ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታዩ ነበር። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር ለሸማ ቢመቸም፣ ሽፋኑ ለሳሳ የልጅ ቆዳ አይቀርብም። ሌላም ችግር አለው። የሳፖኒኑ መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ፍሬው ብስለትና እንደ አደራረቁ ይለያያል፤ 100 ግራም ፍሬ ዛሬ የሰጠውን ጉልበት በሚቀጥለው ወር ላይሰጥ ይችላል። ጉልበቱ በሚዛን የማይያዝ ነገር ይዞ መቀመም ከባድ ነው።

## ሁለተኛው፦ የወይራ ሳሙናና ሎሚ

ቀጥሎ በወይራ ዘይት የተሠራ ደረቅ ሳሙና ተሞከረ። 100 ግራም ተፈቅፍቆ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ሟሟ። ከእንዶዱ በእጅጉ ይሻል ነበር፤ የፒኤች ወረቀቱ ግን 10 አሳየ። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች በግምት ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። እናትየዋ ይህን አንብባ ስለነበር ለማስተካከል የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨመረችበት። አይብ ከአጓት እንደሚለይ ፈሳሹ በቅጽበት ተለያየ፤ ታች ደፍራሽ ውሃ፣ ላይ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነጭ ቅባት።

የሆነው ይህ ነው። ሳሙና የፋቲ አሲድ ጨው ነው፤ ዘይት ከካስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ ይፈጠራል። አሲድ ሲጨመርበት ጨውነቱ ይፈርስና ውሃ የማይቀበለው ፋቲ አሲድ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ሳሙናን፣ የወይራም ይሁን የኮኮናት፣ ወደ ቆዳ ፒኤች ማውረድ አይቻልም፤ ሲወርድ ሳሙናነቱ ያበቃል። ከጉድጓድ የሚቀዳ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ደግሞ ሳሙና ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ቆዳ ላይና ባልዲ ዳር ግራጫ ዝቃጭ ይተዋል። የሐኪሙ «በሳሙና አትታጠብ» ከዚህ የመጣ ነው።

## ሦስተኛው፦ ግሉኮሳይድ ብቻውን

ግሉኮሳይዶች ከስኳርና ከኮኮናት ወይም ከፓልም ዘይት በተገኘ ፋቲ አልኮል የሚሠሩ አጣቢዎች ናቸው። ጭንቅላታቸው፣ ማለትም ውሃ ወዳዱ ጫፋቸው፣ ስኳር ስለሆነ ኤሌክትሪካዊ ሙል የላቸውም፤ የቆዳን ፕሮቲን ብዙም አይነኩም። ምርጫው በመርህ ደረጃ ትክክል ነበር። የተበላሸው በግዢውና በቀመሩ ነው።

መርካቶ ያለ ኬሚካል ሻጭ መጀመሪያ ያቀረበው ቴክሳፖን የተባለውን ኃይለኛ አጣቢ ነበር፤ «ይህም ከኮኮናት ነው» ብሎ። አልዋሸም። የቴክሳፖንም ጅራት፣ ማለትም ቅባት ወዳዱ ጫፍ፣ ከዚያው ዘይት ሊመጣ ይችላል፤ ልዩነቱ ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ የቴክሳፖን ጭንቅላት ሙል ያለው ሰልፌት ነው። «ከኮኮናት የተሠራ» የሚለው አባባል ለስላሳውንም ኃይለኛውንም እኩል የሚሸፍን መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

ከዚያ «ዴሲል ግሉኮሳይድ» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ጠርሙስ ተገዛ። የአምራች ስም፣ የምድብ ቁጥርም ሆነ የትንታኔ ወረቀት የለውም። ፒኤቹ 7 ሆኖ ተገኘ፤ ዴሲል ግሉኮሳይድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው ፒኤች ነው። ጥርጣሬውን ለማጣራት 20 ግራሙ በ20 ግራም ውሃ ቀጠነና የገበታ ጨው በግማሽ ግራም፣ በግማሽ ግራም ተጨመረበት። በሁለተኛው ግራም ላይ እንደ ጄል ረጋ። በጨው መወፈር የቴክሳፖን ጠባይ ነው፤ ግሉኮሳይድ ጨው ቢጨመርበት አይወፍርም። ይህ ምርመራ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የትንታኔ ወረቀትን አይተካም። ጠርሙሱ ተመልሶ ከሌላ ሻጭ ወረቀት ያለው ተገዛ፤ 50 በመቶ አጣቢ ንጥረ ነገር፣ ፒኤች 12።

ከእሱ የተሠራው የ1 ኪሎ ቀመር እንዲህ ነበር፦ ዴሲል ግሉኮሳይድ 300 ግራም፣ የፈላ ውሃ 660፣ ማር 20፣ ዛንታን ጋም (ማወፈሪያ) 10፣ ሶዲየም ቤንዞኤት (ማቆያ) 5፣ የወይራ ዘይት 5። በማግስቱ ዘይቱ ላይ ተንሳፈፈ፤ አረፋውም ሞተ፤ ዘይት የአረፋ ጠላት ነው። በሳምንቱ የልጅቱ ቅልጥም አመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ ከታጠበች በኋላ «ፊቴ ጠበበኝ» ማለት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት የጠርሙሱ አንገት ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ፤ ሽታውም ተለወጠ።

ሦስት ስህተቶች ተደራርበዋል። 300 ግራም በ50 በመቶ ሲሰላ 150 ግራም ንጹሕ አጣቢ ነው፤ ማለትም 15 በመቶ። ለደረቅ የልጅ ቆዳ የዚህ ግማሽ በቂ ነው። በዚያ ላይ ዴሲል አጭር ጅራት ስላለው ቅባት ሲያነሳ አይምርም። ሁለተኛ፣ ፒኤቹ አልተስተካከለም፤ ወረቀቱ በ10 እና በ11 መካከል አሳየ፤ ከተተወው ሳሙና የባሰ ማለት ነው። ሦስተኛው ከሁለተኛው የተወለደ ነው። ሶዲየም ቤንዞኤት ተሕዋስያንን የሚገታው ወደ ቤንዞይክ አሲድ ሲለወጥ ነው። በፒኤች 4.2 ግማሹ በዚያ መልክ ይገኛል፣ በ5 ወደ 14 በመቶ፣ በ7 ከ1 በመቶ በታች፤ በ10 ላይ ግን ያለው እንደሌለ ይቆጠራል። ማሩ ደግሞ በውሃ ሲቀጥን ለሻጋታ ምግብ ሆነ። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ማቆያ ነበረ፣ ግን ተኝቶ ነበር።

## አራተኛው ቀመር

ሁለት አጣቢዎችን መቀላቀል ያስፈለገው ለአረፋ ብቻ አይደለም። ቆዳ ውስጥ ሰርጎ የሚጎዳው በብዛት ብቻውን የሚንሳፈፈው ነጠላ ሞለኪውል ነው። አጣቢዎች ተሰብስበው እንደ እንክብል ሲቋጠሩ፣ ማለትም ሚሴል ሲሠሩ፣ መግባት ይከብዳቸዋል። ግሉኮሳይድና ቤታይን አብረው ሲሆኑ ቶሎ ይቋጠራሉ፤ ነጠላው ይቀንሳል። በተመሳሳይ መጠን ድብልቁ ከአንዱ ብቻ የሚለዝበው በዚህ ነው።

ቤታይን፣ በሙሉ ስሙ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን፣ ከኮኮናት ዘይት ተነስቶ በፋብሪካ ኬሚካል የሚጠናቀቅ ነው። «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» የሚል ሰው ላይቀበለው ይችላል። እዚህ ቤት የተወሰነው የልጅቱ ቆዳ ከስያሜው ይበልጣል በሚል ነው፤ ውሳኔው ትክክል ይመስለናል።

ለ1,000 ግራም፦

የተቀቀለና የቀዘቀዘ ውሃ፦ 750 ግራም
ቤታይን (30 በመቶ)፦ 100 ግራም
ኮኮ ግሉኮሳይድ (50 በመቶ)፦ 80 ግራም
ግሊሰሪን፦ 40 ግራም
ዛንታን ጋም፦ 10 ግራም
ሶዲየም ቤንዞኤት፦ 5 ግራም
ፖታሲየም ሶርቤት (ሌላ ማቆያ)፦ 3 ግራም
20 በመቶ የሲትሪክ አሲድ ብጥብጥ (በውሃ የሟሟ)፦ ወደ 12 ግራም፣ ፒኤች እየታየ

ከቤታይኑ 30 ግራም፣ ከግሉኮሳይዱ 40 ግራም፣ በድምሩ 70 ግራም ንጹሕ አጣቢ፤ 7 በመቶ ነው። ዴሲል በኮኮ የተተካው ኮኮ ረዘም ያሉ ጅራቶች ስላሉት ነው። ሻጩ በማቆያ ምትክ ፎርማሊን እንዲጨመር መክሮ ነበር። ፎርማሊን በርካሽ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ቢገባም የታወቀ አለርጂ አምጪና ካንሰር አምጪ ነውና ገላ ላይ የሚፈስ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም።

## አሠራሩ

የወጥ ቤት ሚዛን 3 ግራምን በትክክል አያነብም። 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ተገዛ። ዕቃዎቹ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው በ70 በመቶ አልኮል ተረጩ። ውሃው 10 ደቂቃ ፈላ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ገንፍሎ ወዲያው ማውረድ አይበቃም። ሲፈላ የሚተነው ይተካ ዘንድ ከ750 ግራም አትርፎ ማፍላትና ከቀዘቀዘ በኋላ መመዘን ያስፈልጋል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ለዚህ አይሆንም፤ ከባትሪ አሲድ ጋር ጎን ለጎን የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

ዛንታን ጋም ውሃ ላይ በቀጥታ ከተነሰነሰ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፤ ጓሉም በማማሰል አይፈታም። መጀመሪያ በ40 ግራም ግሊሰሪን ተለውሶ፣ ከዚያ ውሃው በቀጭኑ እየተንቆረቆረ ይማሰላል፤ ለግማሽ ሰዓት ይተዋል። ቤንዞኤቱና ሶርቤቱ በዚህ ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ግሉኮሳይዱ በብርድ ወፍሮ ከደፈረሰ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይመልሰዋል። ቤታይኑና ግሉኮሳይዱ በመጨረሻ፣ በእንጨት ማንኪያ ሳይሆን በብረት ማንኪያ፣ ቀስ ተብሎ ይጨመራሉ፤ በመምቻ ከተመታ ድስቱ ሙሉ አረፋ ሆኖ ይውላል።

አሲዱ የሚጨመረው ከሁሉም በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሳህን ለመቆጠብ ተብሎ የቤንዞኤቱ ዱቄት ሲትሪክ አሲዱ ውስጥ ገባ፤ ወዲያው በረዶ እንደጣለበት ነጭ ሆነ። ኃይለኛ አሲድ ውስጥ ቤንዞኤቱ ውሃ ወደማይወደው ቤንዞይክ አሲድ ተለውጦ ደለለ። ያ ሁሉ ተደፋ። በሁለተኛው ጊዜ አሲዱ 3 ግራም፣ 3 ግራም እየተደረገ፣ በየመሀሉ 5 ደቂቃ እየተማሰለ ገባ። ከ9 ግራም በኋላ በ1 ግራም ተቀነሰ። ፒኤች 5 የተገኘው በ12 ግራም አካባቢ ነው። ከ1 እስከ 14 የሚያነበው ወረቀት በ5 እና በ6 መካከል ያለውን ስለማይለይ ከ4 እስከ 7 ብቻ የሚያነብ፣ በግማሽ በግማሽ የተከፈለ ወረቀት ያስፈልጋል። በማግስቱ እንደገና ይለካል፤ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ብሎ ያድራል።

## ሙከራው

ብዙ ሰው ማጠቢያውን ክንዱ ላይ ቀብቶ በፕላስተር ሸፍኖ ያድራል። ለቅባት ይሠራ ይሆናል፤ ለአጣቢ ግን አይሆንም፤ ተሸፍኖ የዋለ አጣቢ የማንንም ቆዳ ያስቆጣል። እዚህ የተደረገው ሌላ ነው። አዋቂዎቹ ለ7 ቀን፣ በቀን ሁለቴ፣ የክንዳቸው መታጠፊያ ላይ ቀብተው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ አጠቡ። ከዚያ ልጅቱ፣ ችፌ በሌለበት ቦታ፣ በዚያው መንገድ። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ገላ የታጠበችው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ከመታጠብ ቀጥሎ የሚመጣው የመጥበብ ስሜትና የቅልጥሟ አመድነት ጠፋ። ችፌው አልዳነም። ማጠቢያ ችፌን አያክምም፣ ላለማባባስ ነው። መድኃኒቱና ቫዝሊኑ እንደነበሩ ቀጠሉ።

የወፍረቱ ነገር አልተወደደም። 10 ግራም ዛንታን ፈሳሹን እንደ ተልባ ዝልግልግ አደረገው፤ ከጠርሙሱ ሲወጣ ክር ይስባል። ወደ 7 ግራም ሲወርድ (ውሃው በ3 ግራም ሲጨምር) ቀጠነ፣ ክሩም ጠፋ። አረፋው ከቴክሳፖን ያነሰ ነው፤ አባትየው «ይህ ምኑን ሳሙና ሆነ» አለ። በመረብ የገላ መፋቂያ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ አድርጎ ማሸት አረፋውን በግልጽ ይጨምረዋል፤ አጣቢ መጨመር አላስፈለገም። የባሕር ዛፍ ወይም የጠጅ ሳር ዘይት እንዲገባ የቀረበው ሐሳብም ቀርቷል፤ ለችፌ ቆዳ ሽታ ጥቅም የለውም፣ አለርጂ ግን ሊያመጣ ይችላል።

አክስትየዋ ላይ ግን አልሠራም። በ12ኛው ቀን የዓይኗ ቆብ አሳከካት፣ ትንሽ አበጠ። ስታቆም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ለቀቃት። ቤታይን በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ብግነት ማኅበር የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ የሰየመው ነገር ነው፤ ጥፋቱ በአብዛኛው በአመራረት ከሚቀሩ ቆሻሻዎች ነው፤ ዓይን ቆብ ላይ መታየቱም የተለመደ ነው። ግሉኮሳይዶችም በ2017 እ.ኤ.አ. በዚያው ማኅበር ተሰይመዋል፤ ስለዚህ ለሁሉም ሰው የሚስማማ አጣቢ የለም። ለእሷ ቤታይን ወጥቶ ኮኮ ግሉኮሳይድ 120 ግራም፣ ውሃ 810 ግራም የሆነ ቀመር ተሠራ፤ 6 በመቶ አጣቢ። አረፋው ሳሳ፣ ማሳከኩ ግን አልተመለሰም።

ሌላው የታየ ብልሽት ከቀመሩ ውጭ ነው። ከአንዱ ጠርሙስ ሽታ መጣ፣ ከሌላው አልመጣም፤ ሁለቱም ከአንድ ድስት ነበሩ። የሸተተው ሊያልቅ ሲል የቧንቧ ውሃ ተጨምሮበት ተንጦ የተቀመጠው ነው። ሁላችንም በሳሙና ጠርሙስ የምናደርገው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ማቆያውን ያቀጥነዋል፣ አዲስ ተሕዋስያንም ያስገባል። ሽታና ቀለም ሳይለወጥም ብልሽት ሊኖር ስለሚችል በአንዴ የሚሠራው ወደ 500 ግራም ተቀነሰ፤ በሁለት ወር ያልተጠቀሙበት ይደፋል። የሚቀመጠውም እጅ በሚገባበት ጣሳ ሳይሆን በፓምፕ ጠርሙስ ነው።

## ለሌላ ቀማሚ የሚተርፈው

አጣቢ ሲገዛ አራት ነገር ይጠየቃል፦ ንጹሕ አጣቢው ስንት በመቶ ነው፣ ፒኤቹ ስንት ነው፣ የምድብ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን የት አለ፣ የትንታኔ ወረቀት አለው ወይ። የመጀመሪያው ካልታወቀ ቀመር የለም። «30 በመቶ ጨመርኩ» የሚል ሰው 9 በመቶም 21 በመቶም ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ቤታይን 30፣ ወፍራሙ ቴክሳፖን 70 በመቶ ነውና።

ማቆያ የሚመረጠው ፒኤች ከተወሰነ በኋላ ነው። ግሉኮሳይድ ያለበት ቀመር አሲድ ካልገባበት አብዛኛውን ጊዜ አልካሊ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ በሻምፖም በፊት ማጠቢያም ያው ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። በሦስተኛው ሙከራ ማር፣ ዘይት፣ አዲስ አጣቢና አዲስ ማቆያ አብረው ስለገቡ ጥፋተኛውን ለመለየት ሁለት ወር ፈጀ።

ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ያለው ሰው ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት የተባለውን አጣቢ ሊያስብ ይችላል። ለስላሳ ነው፣ አረፋውም ያማረ ነው፤ ግን ዱቄቱ ብናኝ ስለሆነ ያለ አፍንጫ መሸፈኛ አይመዘንም፣ በፈሳሽ ውስጥም በብርድ እየደለለ ያስቸግራል። ለደረቅ የገላ ማጠቢያ የተሻለ ነው።

ጎረቤቶች ማጠቢያውን ለመግዛት ጠይቀው ነበር። ኮስሞቲክስ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር የሚደረግበት ምርት ነው፤ የተሕዋስያን ምርመራ ያላለፈ ነገር ደግሞ ለሰው ልጅ መስጠት አይገባም። ጠርሙሶቹ ከቤት አልወጡም። በየአንዳንዳቸው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተሠራበትን ቀን፣ የሚደፋበትን ቀን፣ «ፒኤች 5» እና፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ውሃ እንዳትጨምሩበት» ይላል።